በዐቢይ ጾም እንቁላል የበላች መኪና

መኪናችን ነጭ ናት። በሁለቱም ጎኗ የተፋቀ ጽሑፍ ጥላ ይታያል። ከእኛ በፊት ወደ ጾሬ የስደተኞች መጠለያ የምትመላለስ የእርዳታ ሥራ መኪና ነበረች ይባላል። ባለቤቴ ከጨረታ ያመጣት ቀን ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ዞራት፤ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገ፤ መረቀ። ከፍ ያለች፣ አራቱም ጎማዋ የሚጎትት ቫን ናት። «ይህችማ ገደል ትወጣለች» አሉ። እውነት ነው፤ ትወጣለች። ለመውጣት የምትበላውን ግን የነገረን የለም።

ክረምት ሲሆን ጭቃው ፍሪሲዮኗን ይጨርሳል። በጋ ሲሆን አቧራው ማጣሪያዎቿን ይደፍናል። ከሆሞሻ ወዲያ ያለው ድንጋያማ መንገድ ባሌስትራዋን የሰበረ ጊዜ ለልጆች ጫማ ያልነው ሄደ። የጎማዋ ኩሽኔታ መጮህ የጀመረ ጊዜ ጊደራችን ሄደች። ጎማ ስለ መቀየር በቤታችን የሚወራው ልጅ ስለ መዳር እንደሚወራው ነው፤ ዘንድሮ ይቅር፣ ለከርሞ እየተባለ።

አላማርርም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጆቻችንን ያሳደግነው በእሷ ነው። ባለቤቴ ይነዳል። በገበያ ቀን እኔ ረዳት ነኝ፤ ሰው አሳፍራለሁ፣ ሒሳብ እቀበላለሁ። በአሶሳ መንገድ ሴት ረዳት ብዙ አይታይም። መጀመሪያ ላይ ነጠላዬን እስከ ቅንድቤ ስቤ ነበር የምሠራው። የማኅበር እህቶቼ በመንገድ ሲያዩኝ ፊቴን ወደ ጭነቱ አዞራለሁ። ቆይቶ ለመድኩት። የቀረ እፍረት ያለ አልመሰለኝም ነበር።

በዚያ ዓመት የእኛ ዐቢይ ጾምና የሙስሊሞቹ ረመዳን አንድ ላይ ዋሉ። ሙቀቱ የከበደበት ወቅት ነው። ጾሙ በገባ በጥቂት ቀን ራዲያተሯ ማፍሰስ ጀመረ። ራዲያተር ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ የሚመላለስበት ነው፤ እሱ ከደረቀ ሞተሩ ይቃጠላል፤ ሞተሩ ከተቃጠለ እኛም አለቀልን። ማስበየድ ነበረብን። ማስበየድ ማለት ግን ራዲያተሩን አስፈትቶ መኪናዋን ማቆም ነው፤ ጾም ላይ ደግሞ ገበያው ራሱ ቀዝቅዟል። ባለቤቴ «ፋሲካን እንሻገር» አለ። እኔም እንሻገር አልኩ።

ሾፌሮች የሚያውቁት አንድ ዘዴ አለ። ራዲያተር ሲቀደድ ጥሬ እንቁላል ይጨምሩበታል። እንቁላሉ በፈላው ውሃ ውስጥ ይበስልና ቀዳዳው ላይ ይለጠፋል። ይህ ጋራዥ እስኪደረስ ነው፤ ለመንገድ ብቻ ነው።

በሌላ ወር ቢሆን እኛም ከአንድ እንቁላል አናልፍም ነበር። እንቁላል የልጅ ነው፤ ከተረፈም የገበያ። በዐቢይ ጾም ግን ሰው ይጾማል፣ ዶሮ አትጾምም። ዶሮዎቼ ይጥላሉ፣ በቤቴ የሚበላ የለም፤ ሰፈሩም ጿሚ ነው። ለፋሲካ እያልኩ ማሽላ ውስጥ እቀብረዋለሁ። ባለቤቴ ማለዳ ሞተር ሳያስነሳ «እስቲ አንድ አቀብይኝ» ይላል። አማትቤ አቀብለዋለሁ። ውሃው መንጠባጠብ ሲያቆም ተመስገን እላለሁ። መንጠባጠቡ ሲመለስ ሌላ አቀብላለሁ። የሰፈሩ ልጆች አጥር ላይ ተንጠልጥለው «መኪናዋ ገደፈች! መኪናዋ ገደፈች!» ይላሉ። እኔም እስቅ ነበር። ብዙ ስለነበረን ብዙ ሰጠናት። ትንሽ ቢኖረን ኖሮ ያን ያህል አናጠፋም ነበር።

ቅዳሜ የአሶሳ ገበያ ነው። በዚያ ቅዳሜ ማለዳ ከሆሞሻ ወዲያ ካለ አንድ የበርታ መንደር ማንጎ ጫንን። ሴቶቹ ማንጎአቸውን በጆንያና በቅርጫት ይዘው መንገድ ላይ ይጠብቁናል። ከእነሱ መካከል አንዲት አሮጊት አሉ፤ መንደሩ ሁሉ «ሐቦባ» ይላቸዋል፤ አያት ማለት ነው። እኔም እንደዚያው ነው የምጠራቸው። አማርኛን በገበያ ነው የለመዱት፤ ወንድም ሴትም ለእሳቸው «አንተ» ነው።

የሐቦባ ማንጎ ከሁሉም ይበልጥ ነበር። እናት የሌላቸው ሁለት የልጅ ልጆች ያሳድጋሉ።

«ዒድ መጣ» አሉኝ ጆንያቸውን ሲያቀብሉኝ። «ማንጎ ይሸጣል፣ ልብስ ይገዛል። ልጅ ይጠብቃል።»

«ይሸጣል ሐቦባ፤ በእግዚአብሔር ፈቃድ።»

«መኪና ደህና ነው?»

«ደህና ናት» አልኳቸው።

ዒዱ ከሚቀጥለው ቅዳሜ በፊት ይውላል። ማንጎ የሚረከቡት ነጋዴዎች ከመሃል አገር በጭነት መኪና የሚመጡ ናቸው፤ ከቀትር በኋላ ብዙም አይቆዩም። ካመለጡ ማንጎው በዚያ ሙቀት ሳምንት አይጠብቅም። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ባለቤቴም ያውቃል።

ከመንደሩ ወጥተን የመጀመሪያውን ዳገት ስንጀምር የሙቀቱ መርፌ ሽቅብ ሄደ። ባለቤቴ ማርሽ ቀነሰ። መርፌው አልወረደም። ከዚያ ከፊት እንፋሎት ወጣና መንገዱን ጋረደን። ዳር ይዞ አቆመ።

ሁሉም ወረደ። ሴቶቹ ጥላ ፈልገው ተቀመጡ። ባለቤቴ ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቀ፤ በጋለ ሞተር ላይ ውሃ አይደፋም። ከብዙ ቆይታ በኋላ እጁ ላይ ጨርቅ ጠቅልሎ ክዳኑን ከፈተው።

የተቀቀለ እንቁላል ሸተተ።

በዚያ መንገድ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ጾመኛ ነው። እነሱ ከንጋት ጀምሮ ውሃም አልቀመሱም። እኛም ገና አልቀመስንም። ሽታው በሙቀቱ ውስጥ ሄዶ ሁሉንም አገኛቸው። ሐቦባ ተነሥተው መጡ። አፍንጫቸውን ወደ ራዲያተሩ አቀረቡ። ባለቤቴን አዩት፤ እኔን አዩኝ።

«እንቁላል ነው?»

ባለቤቴ «ለቀዳዳው ነው ሐቦባ። ይደፍናል ተብሎ ነው» አለ።

«ወላሂ! ክርስቲያን ጾም ነው ይላል፣ መኪና ለብቻው እንቁላል ይበላል?» ወደ ሴቶቹ ዞረው በበርታኛ ነገሯቸው። ሳቁ። አንዷ እያሳቃት ሻርፗን አፏ ላይ አደረገች። የሳቁት በክፋት አይደለም። ግን ማንጎአቸው በብረት ውስጥ እየበሰለ ነበር፤ የጫንኩት እኔ፣ «ደህና ናት» ያልኩትም እኔ። የት እንደምገባ ጠፋኝ።

ባለቤቴ በሽቦ ነካካው። እንቁላሉ ቀዳዳውን ብቻ አልደፈነም፤ መተላለፊያውን ሁሉ ሞልቶታል። «ማጠብ ነው ያለው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ከሥር ከፍቶ፣ ከላይ ውሃ እየገለበጡ። ብዙ ውሃ ይፈልጋል።» በመኪናው ውስጥ ያለን አንድ ጀሪካን ነው። እሱ ደግሞ ለመንገዱ ነው።

ማንንም ውሃ አልለመንኩም። አፌ አልታዘዘኝም። ሐቦባ ግን ወደ መንደሩ ተጣርተው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሴቶች በትከሻቸው ላይ እንጨት አጋድመው፣ በሁለቱ ጫፍ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥለው ዳገቱን መጡ። ባለቤቴ ገለበጠው። ከሥር ነጭና ቢጫ ቁርጥራጭ እየወጣ አፈሩ ላይ ፈሰሰ። ሌላ ጀሪካን። ሌላ ቁርጥራጭ። አፈሩ ውሃውን ወዲያው ይጠጣዋል።

ከሴቶቹ አንዷ ጀሪካኗን ስታቀብል ለሐቦባ የሆነ ነገር አለች። ሐቦባ በእጃቸው ዝም አሰኟት።

«ምን አለች?» አልኳቸው።

«ማፊ ሙሽኪላ። ምንም አይደለም።»

ከአጠገቤ የቆመች ወጣት አማርኛ ታውቃለች። ጠየቅኳት። «የማፍጠሪያ ውሃችን ነው አለች» አለችኝ፤ እሷም አፍራ። በዚያ ወቅት የመንደሩ የእጅ ፓምፕ ይደክማል፤ ትንሽ ይሰጥና አየር ይስባል። ስለዚህ ሌሊት ተነሥተው ቀድተው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ጾማቸውን የሚፈቱበትን አስቀምጠው ነበር። እሱን ነው መኪናችን የምትጠጣው።

«ሐቦባ፣ ይብቃ» አልኳቸው። «በእግዚአብሔር፣ ይብቃ። የሚጠጣ ውሃ ነው።»

«አንተ ዝም በል። ማንጎ በእግሩ ገበያ ይሄዳል? ጥላ ግባ፣ ቁጭ በል።»

አልተቀመጥኩም። ባዶ ጀሪካን ይዤ ወደ ፓምፑ ወረድኩ። ወረፋ ነበር። ሴቶቹ ሲያዩኝ ገለል ብለው ከፊት አስቀደሙኝ፤ እንግዳ ናት ብለው። ይህ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነበር። እናትና አባቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው። እናቴ በሕይወት ሳለች ደጋግማ የምትነግረን ነገር፣ ከመኪና ወርደው ሜዳ ላይ የተበተኑ ዕለት የውሃውን ቦታ እጇን ይዛ ያሳየቻት አንዲት የበርታ ሴት መሆኗን ነው። የሚግባቡበት ቋንቋ አልነበራቸውም ትል ነበር። ፓምፑን እየጸለይኩ ነበር የምገፋው፤ ይገርማል፣ አየር ይስብና ይተፋል፣ ይስብና ይተፋል። ሲሞላልኝ እንደ አገራችን ሴት በገመድ ጀርባዬ ላይ አዘልኩት። በትከሻቸው የሚሸከሙት ሴቶች ጀሪካን እንደ ሕፃን ሲታዘል አይተው እንደገና ሳቁ። በዚያኛው ሳቅ እኔም ሳቅሁ።

ራዲያተሩ የጠራ ውሃ ማውጣት የጀመረው ጥላው ከረዘመ በኋላ ነው። ቀዳዳውን ባለቤቴ በሳሙናና በጨርቅ አሰረው። ቀስ ብለን፣ በየዳገቱ እየቆምን ወረድን። ሞተሩ እንዲበርድ የመኪናውን ማሞቂያ ከፈተው፤ የሞተሩ ትኩሳት ወደ እኛ ገባ። ላባችን ይወርዳል፣ ማንጎው ይሸታል።

አሶሳ ስንደርስ ነጋዴዎቹ ጭነው ሄደዋል። ገበያው ላይ የቀረው ገለባና ፍየል ነው። ሐቦባ ከመኪናው ወርደው ጆንያቸውን ተደግፈው ቆሙ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ያኔ የመግሪብ አዛን ተሰማ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ የሚጠጣ የላቸውም። ባለቤቴ ወደ ኋላ ሄደና ለራዲያተሩ ያስቀመጥነውን ጀሪካን አውጥቶ መጣ። ውስጡ ያለው የመጨረሻው የእነሱ ውሃ ነበር፤ እምቢ ብንልም ሞልተው የጫኑልን። ጎንበስ ብሎ ለሐቦባ ቀዳላቸው። ቢስሚላህ ብለው ጠጡ። ከዚያ ከማንጎአቸው አንዱን በጥርሳቸው ልጠው፣ ከእሳቸው በፊት ለእኔ ዘረጉልኝ።

«አንተም ጾመኛ ነው» አሉኝ።

ተቀበልኩ። አለመቀበል ነውር ነው።

ሌሎቹ ከተማ ውስጥ ዘመድ ነበራቸው። ማንጎአቸውንም በየሱቁ በርካሽ አራገፉት። የሐቦባ ብዙ ስለሆነ የሚወስደው ጠፋ። ወደ ቤቴ ወሰድኳቸው። ማንጎውን ጓዳ ውስጥ በቀርቀሃ ሰሌን ላይ ዘረጋሁት፤ አንዳንዱ ጎኑ ለስልሶ ነበር። ሲነጋ እሑድ ነው። ከእሑድ ወዲያ የሚተርፍ አልነበረም።

በሰንበት የሚሸጥ ሰው ሳይ ፊቴን የማዞር ሴት ነኝ። ልጆቼም ያውቁኛል፤ በሰንበት ከሱቅ ጨው እንኳ አላስገዛም። ማለዳ ለቅዳሴ ነጠላዬን ስለብስ ማንጎውን አየሁት። ከቅዳሴ የሚወጣው ሰው በባዶ ሆዱ ነው፤ የሚበላውም የጾም ነው። ከዚህ የተሻለ ገበያ በአሶሳ የለም።

ባለቤቴን «ቅዳሴ ሲያበቃ ማንጎውንና ሐቦባን አምጣቸው። ከቅጥሩ ውጭ፣ ከመንገዱ ማዶ» አልኩት።

«በሰንበት?»

«በሰንበት።»

አየኝ። ማንጎውን ወደ ጆንያ ሊመልስ ወደ ጓዳ ገባ።

በቅዳሴው ላይ ቆሜ ነበር ማለት አልችልም። ልቤ ከውጭ ነበር። ካህኑ በሰላም ግቡ ብሎ ሲያሰናብት፣ ከሰው መካከል ወጥቼ ጫማዬን አጠለቅሁና መንገዱን ተሻገርኩ። ሐቦባ ጆንያው ላይ ቅርጫት ደርበው ተቀምጠዋል። እኔም ከነነጭ ልብሴ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ጎረፈ። ድምፅ ላወጣ አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣም። ሐቦባ አዩኝና ራሳቸው ጀመሩ።

«ማንጎ! ማንጎ! ጾም ነው፣ ማንጎ ይበላል!»

የማኅበር እህቶቼ ቆሙ። በዕድሜ የምትበልጠን፣ ነገር የማያመልጣት አንዲት ነች የተናገረችው። «እኅቴ፣ አንቺ ነሽ? በሰንበት ገበያ ዘረጋሽ?»

እጄ ነጠላዬን ወደ ግንባሬ ሊስብ ተነሣ። መለስኩት። የምመልሰውን ስፈልግ ሐቦባ ቀደሙኝ።

«አንተ ወሬ ስማ» አሏት። «የዚህ ሰው መኪና ጾም አይጾምም። እንቁላል ይበላል! በልቶ ታመመ፣ መንገድ ላይ ተኛ። የእኛ ውሃ ጠጣ፣ ጨረሰ። ገበያ ሄደ፣ ማንጎ ቀረ። አሁን አንተ ማንጎ ግዛ።»

ዙሪያውን ሳቅ ያዘው። የነበረውን ሁሉ ጨምረው ነገሩ፤ ሽታውን፣ ጀሪካን ማዘሌን ሳይቀር። ፊቴ እንደ ሞተሩ ጋለ። የጠየቀችኝ እህት ግን ሳቋን ስትጨርስ ሰፌድ የሚሞላ ማንጎ መረጠች። ሌሎቹም ጎንበስ አሉ።

ሰው ገለል ገለል ሲል ቀና አልኩ። የንስሐ አባቴ ናቸው፤ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። ተነሥቼ ተሳለምኩ።

«እንቁላል ነው የሚባለው?» አሉ።

«አዎ አባ።»

«በዐቢይ ጾም?»

«በዐቢይ ጾም አባ። የመኪናዋ ነው።»

«የመኪናዋ» አሉና ጢማቸውን ያዙ። ሊስቁ ይሁን ሊቆጡ አልለየሁም። «እንግዲህ እሷ መስገድ አትችልም፤ ቀኖናዋን አንቺ ፈጽሚላት። የእኒህን እናት ማንጎ እስከ መጨረሻው ሳትሸጪ ከዚህ እንዳትነሺ። ትርፍ ብለሽም እንዳትነኪ።» ከዚያ ወደ ሐቦባ ጎንበስ ብለው፣ «ለእኔ ለስለስ ያለውን ይምረጡልኝ፤ ጥርስ የለኝም» አሏቸው።

እስከ መጨረሻው ተሸጠ። የለሰለሰውን ሳይቀር ወሰዱት። ከዚያ በኋላ ሐቦባን ይዤ ወደ ልብስ ሱቅ ሄድኩ። ለወንዱ ነጭ ጀለቢያ፣ ለሴቷ የሚያብረቀርቅ ቀሚስ መረጡ። ቀሚሱን በፀሐይ ዘርግተው አዩትና አጣጥፈው ደረታቸው ላይ ያዙት። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ።

ቤት ስንመለስ እጄን ማሽላው ውስጥ ከትቼ የቀሩትን እንቁላሎች አወጣሁ። ለፋሲካ ያልኳቸው ነበሩ። አንድ በአንድ ውሃ ውስጥ ፈትሼ ደህና ደህናውን በጨርቅ ቋጠርኩላቸው። «ለዒድ፣ ለልጆቹ» አልኳቸው። ፋሲካን ያለ እንቁላል ዋልን፤ ዶሮውም ለራዲያተሩ ማስበየጃ ተሸጦ ነበር። አልጎደለብንም።

መኪናችን ራዲያተሯ ለብየዳ ተፈትቶ ደጅ ቆማ ስለነበር ሐቦባን በሌላ ሰው መኪና አሳፈርኳቸው። እንቁላሉን ጭናቸው ላይ አድርገው በመስኮት በኩል ተቀመጡ። ሒሳብ ለመክፈል እጄን ስዘረጋ ረዳቱ አወቀኝ።

«እትዬ፣ የእናንተዋ ቫን የት ሄደች?»

እኔ ሳልመልስ ሐቦባ ከውስጥ «ጾም ያዘ!» አሉት።